የማሮ ሜዳ ዝግባ

ሕዝቅኤል ካሱ ለጉዞው ቅዳሜን የመረጠው ቅዳሜ የገበያ ቀን ስለሆነ ነው። ለአይዳ የነገራት ግን ሌላ ነው፤ «በአዘቦት ቀን ክፍል አለኝ፣ ከቅዳሜ ሌላ አይመቸኝም» አላት። ውሸት አይደለም። ሙሉ እውነትም አይደለም። እሱ ራሱ መምህር ነውና እንዲህ ያለ መልስ ተማሪ ሲጽፍለት ግማሽ ማርክ ይሰጣል።

ማሮ ከካምባ በላይ፣ ደጋው ላይ ያለ ሜዳ ነው። ሳር ብቻ ነው፤ ዛፍ የለው፣ አጥር የለው። መሐሉ ላይ ግን አንድ ክብ ጫካ አለ፤ በተላጨ ራስ ላይ የቀረ ቁንጮ ይመስላል። ከዚያ ጫካ ቅርንጫፍ የሚሰብር የለም። የሰበረ ሰው ጎሜ አለበት ይባላል። ጎሜ ማለት ሰው ሠርቶት ሳይናገረው የሚከርም ጥፋት ነው፤ ካልተነገረ ዝናብ ያስቀራል፣ ላም ያስወርዳል፣ የሠራውን ትቶ ያልሠራውን ይመታል። ጫካው ጠባቂ አለው። በሕዝቅኤል ልጅነት ጠባቂው አባቱ ካሱ ነበር።

ሕዝቅኤል ደግሞ ከዚያ ጫካ አንድ ዝግባ ቆርጧል።

ነገሩ አሥራ አራት ዓመት አልፎታል። ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሷል፣ ጌታን ከተቀበለ ገና መንፈቁ ነው፣ ትኩሳቱም አልበረደለትም። ዛፉ ውስጥ ምንም እንደሌለ ሊያሳይ ፈለገ። ማንም አልላከውም፤ የቤተ ክርስቲያኑ ወንጌላዊ ቢሰማ ኖሮ ጆሮውን ይቆነጥጠው ነበር። መንደሩ በሙሉ ገበያ በወረደበት ቀን የአባቱን መጥረቢያ ይዞ ገባና ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን ሲከትፍ ውሎ ጣለው። ከዚያ ግንዱ ላይ ተቀምጦ ቆሎ እየቆረጠመ የሚመጣበትን ጠበቀ። ምንም አልመጣም። ለማን ሊያሳይ እንደፈለገ ያን ጊዜም በቅጡ አላወቀውም፤ ሜዳው ላይ አንድ ሰው አልነበረማ! ቢያንስ እንጨቱን ወስዶ አግዳሚ ወንበር ቢሠራበት አንድ ነገር ነበር። ትቶት ወደ ቤቱ ሄደ፤ በሁለተኛው ቀን ለትምህርት ወደ አርባ ምንጭ ወረደ። ለሰው አልተናገረም፤ የጠየቀውም ሰው አልነበረም።

አሁን አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ያስተምራል። የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ኃላፊም እሱ ነው፤ በየሐምሌው ችግኝ ሲያስተክል ንግግሩ ያምርለታል፣ ተማሪዎች ያጨበጭቡለታል። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ በእግር መጓዝ የሚወዱ ሰዎችን እየመራ ተራራ ያወጣል። ወደ ማሮ ግን አባቱ በሕይወት ሳለ ሁለት ጊዜ፣ አንድ ጊዜም ለቀብሩ ብቻ ነው የሄደው። ከቀብሩ ወዲህ ስድስት ዓመት ሆኖታል።

አይዳ ከአዲስ አበባ ለሥራ መጥታ አርባ ምንጭን ወድዳ የቀረች፣ የጉዞ ቡድን የምታደራጅ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ከሁለት ዓመት በፊት ስልኳ ላይ ከሰማይ የተነሳ ካርታ ከፍታ ሰፊ ቢጫ ሜዳ ላይ ያለች አረንጓዴ ነጥብ አሳየችው።

«ሕዝቄ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ዛፍ ነው» አላት።

እዚያ ድንኳን ተክላ ማደር፣ በኋላም ሌሎችን እያመጣች ማሳደር ፈለገች። እሱ መንገዱ ጭቃ ነው አለ፤ ብርዱ አይቻልም አለ፤ ጅብ አለ አለ። በመጨረሻ «በቃ፣ ሌላ ሰው ፈልጌያለሁ» ስትለው ክው አለ። ሌላ ሰው ቢወስዳት ማሮዎች ያወሯታል፤ የዝግባውን ነገር ያነሱባታል፤ እሱ በሌለበት ምን እንደሚባል አይታወቅም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። እኔው እወስድሻለሁ አለና ቅዳሜን ቆረጠ። ሰው ገበያ ሲወርድ ይደርሳሉ፣ ጫካውን አይተው ከዳርቻው ያድራሉ፣ ጠዋት ማንም ምንም ሳይጠይቃቸው ይወርዳሉ።

ሊጠይቅ የሚችል እንዳለ ያውቃላ። ከጫካው አጠገብ የሚያድር ሰው ሁሉ ወደ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ዱቡሻ ላይ ቃሉ ይሰማል። ዱቡሻ የአገሩ ሸንጎ የሚቀመጥበት፣ ድንጋይ በክብ የተደረደረበት ሣር ነው። ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ያስይዙና «ጎሜ አለብህ?» ይላሉ። የውጭ ሰው ለወጉ ያህል ይጠየቃል። እዚያው የተወለደ ግን የምር ይጠየቃል።

ቅዳሜ ማለዳ ሦስት ሆነው በፒክአፕ ተነሱ፤ ሕዝቅኤል፣ አይዳ፣ ሾፌሩ ሲሳይ። የኩልፎ ወንዝን የሙዝ ማሳ ኋላ ጥለው ወደ ደጋው ወጡ። ገረሴን አለፍ እንዳሉ ሲሳይ አንዲት ዶሮ ገጨ።

«ቁም እንጂ!» አለችው አይዳ።

«የራሷ ጥፋት ነው፤ ግራ ቀኝ ሳታይ ነው የገባችው» አለና ነዳው።

እስከ ካምባ ደህና ሄዱ። ከካምባ በላይ ግን ሌሊት ዘንቦ ኖሮ ማሮ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው መኪናው እስከ ሆዱ ጭቃ ውስጥ ገባ። ድንጋይ ደረደሩ፣ ቅጠል አነጠፉ፣ ሲሳይ የጭቃውን እናት ሰደበ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆሙ። በመጨረሻ ደራሽ መጣላቸው፤ ከገበያ የሚመለስ የማሮ ሰው፣ ከነአህያው፣ ከነጨው ጥቅሉ። ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ሸክማቸውን አውርደው «ሆ!» እያሉ ገፉላቸው። ሕዝቅኤል ፊቱን ወደ መኪናው አዙሮ ሲገፋ አንዲት አሮጊት ከጎን ጎንበስ ብለው አዩትና «ይሄ የካሱ ልጅ አይደለም እንዴ!» አሉ። ከዚያ ሃያውም ሰው ጨበጠው፣ ሳመው፣ የልጆቹን ቁጥር ጠየቀው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይሄ ነው። ከሰው ተደብቆ ሊገባ የመጣ ሰው ሕዝብ እየገፋው ገባ።

ድንኳኖቹን ከጫካው መቶ እርምጃ ያህል ርቀው ሜዳው ላይ ተከሉ። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ ሣሩ በነፋስ ተኝቶ ይነሳል። አይዳ ጫማዋን አውልቃ ትሄድበት ጀመር። ሲሳይ በጋዝ ምድጃ ፓስታ ጥዶ የማይሆን ዘፈን ይዘፍናል። ሕዝቅኤል ለጫካው ጀርባውን ሰጥቶ የድንኳኑን ገመድ ይወጥራል፤ የተወጠረውን እንደገና ይፈታና ይወጥራል።

ብዙም ሳይቆይ ሁለት ሽማግሌዎች በሜዳው ላይ ቀስ እያሉ መጡ። ፊተኛው ሀላቃ ገነነ ነበሩ፤ ሀላቃ ሹመት ነው፣ የዱቡሻው ሰብሳቢ ናቸው። በቀይ፣ በቢጫና በጥቁር የተሸመነ የዱንጉዛ ሱሪ ለብሰው፣ ከላይ የልጅ ልጃቸው ሳይሆን የማይቀር የስፖርት ጃኬት ደርበዋል። ኋለኛው ደግፌ ይባላሉ፤ ከካሱ በኋላ የጫካው ጠባቂ እሳቸው ናቸው።

ሀላቃ ገነነ የድንኳኑን ጨርቅ በጣታቸው ዳሰስ አደረጉና ወደ አይዳ ዞሩ። አማርኛቸው ከጋሞኛ በኋላ የመጣ ነውና ለሴትም ለወንድም አንተ ይቀናቸዋል።

«ይሄን ቤት በስንት ቀን ሠራህ?»

«በአሥር ደቂቃ» አለች አይዳ እየሳቀች።

«ስንት ክረምት ይቆያል?»

«ነገ እናፈርሰዋለን።»

«አይ እናንተ!» አሉና ሳቁ። ከዚያ ሕዝቅኤልን አገላብጠው ሳሙት። እጁን ሳይለቁ ፊቱን አዩት፤ ረዘም አድርገው። «የካሱ ልጅ። መጣህ።»

«መጣሁ፣ አባባ። ደህና ኖት?»

«አርጅቻለሁ። ዛሬ ደክማችኋል፣ ብሉና ተኙ። ጫካው ውስጥ እንዳትገቡ። ጠዋት ዱቡሻ እንቀመጣለን፤ ከዚያ ደግፌ ያስገባችኋል።»

«እኛ እኮ ጠዋት በጊዜ ልንወርድ…» ብሎ ጀመረ ሕዝቅኤል።

«ምን በጊዜ?» አለች አይዳ። «ለዚህ አይደል የመጣነው? አባባ፣ ደስ ይለናል።»

ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ እየጠየቀች አደከመችው። ምን ይጠይቁናል? ምን ይባላል? ጎሜ ከኃጢአት በምን ይለያል? እሱም ለተማሪ እንደሚያስረዳ አድርጎ አስረዳት፤ ባህል ነው፣ ጫካውን የጠበቀው እንዲህ ያለው ልማድ ነው፣ ከአካባቢ ጥበቃ አንጻር ሲታይ ጠቀሜታው ብዙ ነው። በደንብ አስረዳት። ማታ ድንኳኑ ውስጥ ጸለየ፤ የጸለየውም ስለ መንገዱ ነበር።

ጠዋት ጉሙ ሲገፈፍ ዱቡሻው ላይ ተሰበሰቡ። ከመንደሩ አሥራ አምስት የሚሆን ሰው መጥቷል፤ በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡት ግን ሀላቃ ገነነና ደግፌ ናቸው። ሀላቃው ተነስተው እንግዳ ባለበት እንግዳው የማይሰማው ቋንቋ እንደማይነገር፣ ስለዚህ በአማርኛ እንደሚሆን ተናገሩ። ከዚያ እፍኝ እርጥብ ሣር ነጭተው ለአይዳ ሰጧት።

አይዳ መጀመሪያ ፈገግ ብላ ነበር። ሣሩን ስትይዝ ግን ፈገግታዋ ጠፋ። ትናንት ሳይፈቀድላት እስከ ጫካው ጥላ ድረስ ሄዳ አንድ ቅጠል አንስታ ማስታወሻ ደብተሯ ውስጥ እንዳደረገች ተናገረች።

«ቀጥፈህ ነው ወድቆ?» አሉ ደግፌ።

«ወድቆ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ የወደቀ ቅጠል ጎሜ የለውም፤ ግን ወደ ቦታው ይመለስ ተባለ። ለሲሳይ ሰጡት። ሲሳይ ምንም የለብኝም ሊል አፉን ከፈተ፣ ሣሩን አየ፣ ጎሮሮውን ጠረገ።

«አንዲት ዶሮ ገጭቻለሁ። ገረሴ ማዶ።»

አይዳ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። ከተቀመጡት ግን የሳቀ አልነበረም። ዶሮዋ ቀይ ናት ነጭ? ከማን ደጅ ወጣች? ቆመህ ጠይቀሃል? አጥብቀው ጠየቁት፤ ሲመለስ ቤቱን ፈልጎ ባለቤቷን ይቅርታ ሊጠይቅ ቃል አስገቡት። ሲሳይ የማይሆን ሰው ነው፤ ያን ጊዜ ግን የምሩን ላቡን እየጠረገ ተቀመጠ።

ሣሩ ለሕዝቅኤል ደረሰ። ቀዝቃዛ ነበር። ሌሊቱን ሲያዘጋጀው ያደረ መልስ አለው፤ ለእግዚአብሔር ከተናገረ ቆይቷል፣ ተሰርዞለታል፣ የተሰረዘ ነገር ደግሞ የለም። ስለዚህ የለብኝም ቢል አልዋሸም።

«ጎሜ አለብህ?» አሉት ሀላቃ ገነነ።

«የለብኝም» አለ አፉን ሞልቶ።

ሀላቃው አንገታቸውን ነቀነቁ። ሣር የያዘ ሰው ሰሚው ተቀመጥ ሳይለው አይቀመጥም፤ ተቀመጥ ይሉኛል ብሎ ጠበቀ። አላሉትም።

«ጥሩ ነው። የራስህ ከሌለብህ የአባትህን ጎሜ ትዘጋለታለህ» አሉት። «እሱ እርቅ ሳይወርድለት፣ ሳይዘጋ ነው የሞተው። ሬሳ ሣር አይዝም፤ የሚይዝለት ልጁ ነው። ስንጠብቅህ ነበር።»

«የአባቴን ምን?»

«አንተ ወደ ትምህርትህ ወርደሃል፣ አልሰማህም። ከጫካው አንድ ዝግባ ተቆርጦ ተገኘ። አገሩ ተሰበሰበ። ማነው ተብሎ ሲጠየቅ ካሱ ተነስቶ ሣር ያዘ፤ 'እኔ ቆርጫለሁ' አለ። ጠባቂው ራሱ! ጠባቂነቱን አነሳንበት። ጫካው ውስጥ እግሩ እንዳይገባ ተባለ። ስምንት ዓመት፣ እስኪሞት፣ አልገባም። እዚያ ጋ» አሉ በከዘራቸው ወደ ሜዳው እያመለከቱ «ከዳር ይቀመጥ ነበር። ለደግፌ የትኛው ሐረግ መቼ እንደሚያፈራ፣ ዝንጀሮ በየት በኩል እንደሚገባ፣ ከውጭ ሆኖ ነው ያስተማረው።»

ሕዝቅኤል ያን አይቶታል። ሁለት ጊዜ ሊጠይቀው ሲመጣ አባቱ ሜዳ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ነበር፤ ሲያረጅ ፀሐይ መሞቅ ወደደ ብሎ አለፈው። የሰማው ነገር መጀመሪያ አልገባውም። ቀጥሎ ገባው፤ ከመግባቱ ጋር አንድ ሌላ ነገር ትዝ አለው፤ የአባቱ እጅ።

ያን ሰሞን ካሱ የጎተራ ክዳን ሲያድስ ወድቆ ቀኝ ክንዱ ተሰብሮ ነበር። የአገሩ ወጌሻ በቀርከሃ ደግፎ ጠግኖታል። ማታ ማታ ጨርቁን የሚፈታለትና የሚያስርለት ሕዝቅኤል ራሱ ነው። ማንኪያ የማያነሳ እጅ መጥረቢያ አያነሳም። ዱቡሻ ላይ ቆሞ ሣሩን የያዘው በግራ እጁ መሆን አለበት።

ቀና ብሎ ሽማግሌዎቹን አየ። ሀላቃ ገነነ ወደ ሣሩ ያያሉ። ደግፌ ወደ መሬት።

«'አባቴ ቆርጧል' በል» አሉ ሀላቃው ቀስ ብለው። «ሁለት ቃል ነው። ስሙ ከጎሜ ይወጣል፣ እንግዶችህም ይገባሉ። በቃ።»

ነገሩ ቀላል ነበር፤ ከዚህ የቀለለ ነገር ተሰጥቶት አያውቅም። ሁለት ቃል ከተናገረ ዕድሜ ልኩን የሚጠይቀው የለም። አይዳ ቦታዋን ታገኛለች፤ እሱ እንግዳ እየመራ ይመጣል፤ ሰኞ ክፍል ይገባል። የተቆረጠውን ዛፍ ደግሞ አንድ የሞተ ሰው ቆርጦት ይቀራል፤ ያውም ወድዶ የተሸከመው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። አፉን ከፈተ። «አባቴ» አለ። ሁለተኛው ቃል አልመጣም። ሞከረ፤ አልመጣም። አባቱን ናፈቀው፤ ቀብሩ ዕለት ያልናፈቀውን ያህል ናፈቀው፤ አፈረም፤ ሁለቱ ስሜቶች አንድ ላይ መጡበት።

በጋሞኛ ተናገረ። ፈጠን አድርጎ፣ ወደ ደረቱ።

አይዳ ምን እንዳለ አልሰማችም። ከተቀመጡት መሐል ግን አንዷ ሴት አፏን ያዘች።

«እንግዳ አለ» አሉ ሀላቃ ገነነ። ድምፃቸው አልጠነከረም። «እነሱም በሚሰሙት ተናገር።»

በአማርኛ መናገሩ ባሰበት። አማርኛው የክፍሉ ቋንቋ ነው፣ የችግኙ ንግግር ነው፣ አይዳ የምታምነው ሰው ቋንቋ ነው። «ዝግባውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አለ። «አባቴ አልቆረጠም። እጁ ተሰብሮ ነበር። እኔ ነኝ፣ በገበያ ቀን፣ በእሱ መጥረቢያ። አሁንም የለብኝም ያልኩት ዋሽቼ ነው።» ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው «ለእግዚአብሔር ግን ነግሬው ነበር» ብሎ ጨመረ፤ ወዲያው ባልጨመርኩ አለ።

«እሱማ ያውቅ ነበር፤ አዲስ ነገር አልነገርከውም» አሉ ደግፌ። ከጠዋት ጀምሮ ከመጠየቅ በቀር የተናገሩት ይሄን ብቻ ነው።

ሀላቃ ገነነ ድንጋዮቹ ላይ ከተቀመጡት ጋር ተነጋገሩ። ብዙ አልፈጀም። በካሱ ላይ የነበረው እገዳ ተነሳ፤ ስሙ ከጫካው ጠባቂዎች ጋር ይጠራል። ልጁ ሁለት ክረምት ጫካው ውስጥ አይገባም፤ ከሁለት ክረምት በኋላ መጥቶ በቆረጠው ፈንታ ይተክላል፤ ሲተክልም ንግግር አያደርግም። ይህን የጨመሩት ሀላቃው ናቸው፤ የችግኙ ወሬ እዚህም ደርሷል ማለት ነው። እንግዶቹን ደግፌ ያስገቧቸዋል።

ሕዝቅኤል እሺ አለ። ቀላል መስሎ ተሰማው፤ ስምንት ዓመት ከዳር ለተቀመጠ ሰው ልጅ ሁለት ክረምት ምን አላት? ሣሩን ሊመልስ ዘረጋ። ያኔ ነው የአባቱ እጅ ነገር የተመለሰበት።

«እጁን ግን አላያችሁም ነበር?» አለ። «ሣሩን በግራው ሲይዝ?»

ሀላቃ ገነነ ሣሩን ተቀበሉት። ወደ ቦታቸው ግን አልተመለሱም።

«እጁን አይተናል» አሉ። «አንተ አሁን ተቀመጥ።»

«የት?»

ወደ ራሳቸው ድንጋይ አመለከቱት፤ ሰሚው የሚቀመጥበት ድንጋይ ነው። ሕዝቅኤል እምቢ ሊል ፈለገ፤ እሳቸው ቆመው እሱ እዚያ መቀመጥ የሚታሰብ አልነበረም። ደግፌ ትከሻውን ያዙና አስቀመጡት። ከዚያ እሳቸውም ሄደው ከሀላቃው ጎን ቆሙ። ሀላቃ ገነነ ቆባቸውን አወለቁ፤ ራሳቸው ላይ ፀጉር አልነበረም። ሣሩን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ለደግፌ ሰጡ።

«ያን ቀን ዱቡሻ የተቀመጥነው ሰባት ነበርን» አሉ። «ካሱ ሲዋሽ ሰባታችንም አውቀናል። በሣር ፊት የተነገረ ውሸት መሆኑን እያወቅን 'ሰምተናል' አልን። ማን እንደቆረጠም አውቀናል። ካሱ ግን በዓይኑ ለመነን፤ ልጁ ነህ፣ አንድ ነህ። አንተን ጠርተን ልንጠይቅ እንችል ነበር። ተስቦ የወጣ ጎሜ ደግሞ አይወጣም፤ ባለቤቱ ነው የሚናገረው። የኛም በአንተ ላይ ተንጠለጠለ፤ አንተ ካልተናገርክ እኛ ብንናገር አንተን ማውጣታችን ነው። ስለዚህ ጠበቅን። አባትህ ሲሞት ትናገራለህ ብለን ነበር፤ ቀብረህ ወረድክ። ካምባ መኪና ደረሰ በተባለ ቁጥር ይመጣል እንላለን። አምስቱ እንደያዙት ሞቱ። እኔና ደግፌ ቀረን።»

አይዳ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ቀርታለች። ሲሳይ ኮፍያውን አውልቋል።

«ዋሽተናል» አሉ ሀላቃ ገነነ።

«ዋሽተናል» አሉ ደግፌ።

ሰሚው የሚመልሰው ቃል አለ፤ «ሰምቻለሁ፣ ይውጣላችሁ» ነው የሚባለው። በልጅነቱ አባቱ ሲለው መቶ ጊዜ ሰምቶታል። ሕዝቅኤል ከድንጋዩ ላይ ሆኖ አያቸው፤ ከጉልበታቸው በታች እግሮቻቸው ይንቀጠቀጡ ነበር፤ ከብርዱም ከዕድሜውም ነው። ስለ ሞቱት አምስት ሰዎች አሰበ፤ አንድ ሁለቱን በስም ያውቃቸዋል፤ አንደኛው ፊደል ያስቆጠሩት ናቸው። ቃሉን ተናገረ፤ ለራሱም በደንብ አልተሰማውም። የሰሙት አልመሰለውምና ደገመው።

እንባው ሲወርድ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ፤ እንዲህ ሆኖ ቆየ። ሲገልጠው ሀላቃ ገነነና ደግፌ ሣራቸውን እንደያዙ እዚያው ቆመዋል። ሰምቷቸው ነበር፤ ግን ተቀመጡ አላላቸውም ነበር፤ ተቀመጡ እስኪላቸው እየጠበቁት ነበር።